በአሮጌ መኪና ውስጥ የሚገኝ የእርጥበት ሽታ፤ ምንጩና ማስወገጃው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ግድብ፥ ስለ ድልድይና ስለ ኀይል ማመንጫ በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ መኪና ውስጥ ሽታ ለመናገር መቆሜ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ ከአፍንጫ ምቾት አልፎ የሰውን ጤናና ደኅንነት የሚነካ፥ ከዚህም በላይ የሙያችንን አሠራር የሚፈትን ሆኖ ስላገኘሁት የተሰጠኝን ጊዜ ለዚሁ አውለዋለሁ።

በከተሞቻችን መንገድ ላይ ከሚታዩት የቤት መኪኖች አብዛኞቹ አሮጌዎች እንደ ሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በእጃችን የሚገኘው ኮሮላ፥ ላዳ ወይም ቮልስዋገን ገና ለብዙ ዓመታት አብሮን የሚኖር ንብረት ነው። ባለቤቱም፥ ልጆቹም፥ ታክሲ ከሆነም ከንጋት እስከ ምሽት መሪውን ይዞ የሚውለው ሹፌር በውስጡ ያለውን አየር ይተነፍሳሉ። እንግዲህ የመኪናው ሞተር ተጠግኖ፥ ፍሬኑ ተስተካክሎ፥ ውስጡ ግን እምክ እምክ እያለ የሚኖርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

1. ሽታው ምንድን ነው?

በእርጥብ ጨርቅ፥ በስፖንጅ፥ በአቧራና በምግብ ፍርፋሪ ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ። እነዚህ ጥቃቅን ሕይወታውያን ምግባቸውን ሲያፈርሱ በቀላሉ ወደ አየር የሚተንኑ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ከእነዚህም አንዱ ጂኦስሚን የሚባለው ነው። ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ ለሚሰማን የአፈር ሽታ ዋነኛ ምክንያት ይኸው ንጥረ ነገር ሲሆን፥ የሰው አፍንጫ ከትሪሊዮን እጅ ጥቂቱን እንኳ መለየት ይችላል። ስለዚህ በዓይን የማይታይ ጥቂት ሻጋታ ከወንበር ሥር ተደብቆ መኪናውን በሙሉ ሊያሸት ይችላል።

ሻጋታ እንዲኖር የሚያስፈልገው ዘር፥ ምግብ፥ ሙቀትና ውኃ ነው። ዘሩ በአየር ውስጥ በየስፍራው አለ፤ ምግቡ አቧራና ጨርቅ ነው፤ ሙቀቱም ለሰው የሚስማማው ነው። ከአራቱ በእኛ ቁጥጥር ሥር ሊውል የሚችለው ውኃው ብቻ ነው። አንድ ምንጣፍ ረጥቦ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ መብቀል ሊጀምር ይችላል። በክረምት ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ የሚቆይ መኪና ምን እንደሚሆን ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፥ እርጥበት ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። መኪና ከቤት እጅግ የጠበበ ክፍል መሆኑን ስናስብ ነገሩን ቀላል አድርገን ልናየው አይገባም።

2. መስኮት ከፍቶ መዋል ለምን አይበቃም?

ብዙ ሰው መኪናውን ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ ካናፈሰ በኋላ ሽታው መመለሱን እያየ ይገረማል። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። የአንዲት ትንሽ መኪና ውስጣዊ ይዘት 3 ሜትር ኩብ ያህል ነው እንበል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው የውኃ ተን ቢበዛ 17 ግራም ነው። ስለዚህ መኪናውን የሞላው አየር በሙሉ እርጥበት ጠግቦ ቢወጣ ይዞ የሚወጣው 51 ግራም፥ ማለት ከአንድ ሲኒ ቡና የማይበልጥ ውኃ ነው። ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ንጣፍ ግን 4 ሊትር ውኃ ይዞ ቢገኝ፥ ይህን ለማውጣት አየሩ ቢያንስ 78 ጊዜ ፈጽሞ መለወጥ አለበት። ይህም የሚገባው አየር ፍጹም ደረቅ፥ የሚወጣውም ፍጹም እርጥብ ቢሆን ነው። በእውነቱ ግን የውጩም አየር የራሱን እርጥበት ይዞ ስለሚገባ፥ የሚያስፈልገው ልውውጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ምንም ውኃ አይወጣም። ቀን ፀሐይ ስታሞቀው ከምንጣፉ ይተናል፤ ሌሊት ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ9 ግራም በላይ መሸከም ስለማይችል፥ ትርፉ በመስተዋቱና በጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል። ጠዋት መስተዋታችሁ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ላብ ለብሶ ካገኛችሁት፥ መኪናው ውኃ አምቆ የያዘ መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ አወቃችሁ ማለት ነው።

3. ውኃው ከየት ይመጣል?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። በዚህ ጉዳይ የነገሩ ሥር ውኃው የገባበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ሽታውን ብቻ ማጥፋት ምስክሩን አባርሮ ክሱን እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

ምንጩን ለመለየት የመጀመሪያው ጥያቄ ወቅትን የሚመለከት ነው። ምንጣፉ የሚረጥበው በክረምት ብቻ ከሆነ ውኃው ከውጭ ይገባል። በጥር ወር፥ ዝናብ በሌለበት፥ ምንጣፉ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ግን ምንጩን ከመኪናው ከራሱ ውስጥ መፈለግ ይገባል።

ከውጭ የሚገባው ውኃ የታወቁ በሮች አሉት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የበጋው ፀሐይ የመስተዋትና የበር ጎሚኒዎችን ያደርቃል፥ ይሰነጥቃልም፤ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ የሚያገኘው ይህን ስንጥቅ ነው። ከፊት መስተዋት ግርጌ ያለው የውኃ መውረጃ በባሕር ዛፍና በጽድ ቅጠል ይደፈናል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ዳሽቦርዱ ሥር ይወርዳል። በበሮች ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ወይም በቀለም ሲደፈኑ በሩ እንደ ገንዳ ውኃ ይይዛል። ከበሩ ሽፋን በስተጀርባ ያለው ፕላስቲክ በጥገና ጊዜ ተቀዶ ሲጣል ደግሞ በመስተዋቱ ላይ የወረደው ውኃ በቀጥታ ወደ ምንጣፉ ይሄዳል። ይህን ፕላስቲክ የማይረባ አድርጎ የሚጥል የእጅ ሙያተኛ ብዙ ስለሆነ በብርቱ ማሳሰብ እፈልጋለሁ።

ከውስጥ የሚመነጨውም ብዙ ነው። ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ላዳ የማሞቂያው ቧንቧ መክፈቻ በማፍሰስ የታወቀ ነው፤ የሚያፈሰውም ከፊት ወደሚቀመጠው መንገደኛ እግር ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ኩላንት ካለ ጣፋጭ ሽታና በፊት መስተዋት ላይ የሚጣበቅ ቅባት መሰል ነገር ይታያል። እኛ ዘንድ ግን በራዲያተር ተራ ውኃ መጨመር የተለመደ ስለሆነ ይህ ምልክት ጠፍቶ የሚቀረው የሻጋታ ሽታ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ምንጣፉን በነጭ ጨርቅ መጫን ይጠቅማል፤ ጨርቁ የዝገት ቀለም ካወጣ ማሞቂያውን መጠርጠር ነው። ምንጣፉን ራሱን ያቀለመው የወለሉ ዝገት ሊሆንም ስለሚችል የራዲያተሩ ውኃ መጉደሉን አብሮ መመልከት ይገባል። አየር ማቀዝቀዣ ባላቸው መኪኖች ደግሞ ከኤቫፖሬተሩ የሚንጠባጠበው ውኃ መውጫ ቱቦው ሲደፈን ወደ ውስጥ ይፈሳል። ሽታው ማቀዝቀዣው በተነሣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ የሚሰማ ከሆነ ምንጩ እዚያው ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ መኪኖች ከፊተኛው የዕቃ መሳቢያ በስተጀርባ የአየር ማጣሪያ አለ፤ ባለቤቶቹ መኖሩን ስለማያውቁ ለዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል።

በመጨረሻም ራሳችን የምናስገባው ውኃ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በላቫጆ ውስጡ በውኃ ታጥቦ፥ ማታውኑ ተዘግቶ የሚያድር መኪና የሻጋታ መፈልፈያ ነው። ከዚህ የከፋው ግን እርጥቡን ምንጣፍ ሳያነሡ በላዩ የፕላስቲክ ንጣፍ ማልበስ ነው። ላዩ ንጹሕና ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ግን መውጫ አጥቶ ላሜራውን ይበላል።

4. ከሽታው በስተጀርባ ያለው አደጋ

ጉዳዩን ከምቾት በላይ የሚያደርገው ይህ ነው። የወንበር መያዣ ብሎኖችና በብዙ መኪኖችም የደኅንነት ቀበቶ የታችኛው ማሰሪያ የተተከሉት በወለሉ ላሜራ ላይ ነው። ወለሉ ከምንጣፍ በታች በዝገት ከተበላ፥ ግጭት በደረሰ ጊዜ ቀበቶው የሰውን ክብደት የሚያስይዘው በተበላ ቆርቆሮ ላይ ነው።

ቮልስዋገንን፥ ማለት ቮልስን፥ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የዚህ መኪና የመጨረሻው ምርት በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጥቷል፤ በከተማችን የሚታዩት ግን ከዚያ እጅግ የቀደሙ ናቸው። የቮልስ ባትሪ የሚገኘው ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የቀድሞዎቹ ወንበሮች የብረት ሞላና በጎማ የተያያዘ የቃጫ ወይም የፀጉር መሙያ አላቸው፤ ይህ መሙያ እርጥበትን አጥብቆ ይይዛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንድመለከተው የቀረበልኝ አንድ ቮልስ ባለቤቱ ለወራት ሽቶና ዕጣን ሲያጨስበት የቆየ ነበር። የኋላውን ወንበር ስናነሣ ከኋላው መስተዋት ጎሚኒ የሰረገው ውኃ በባትሪው ማስቀመጫ ላይ ተጠራቅሞ፥ ላሜራው እስከ መንገዱ ድረስ ተበስቶ ተገኘ። የባትሪው ክዳን ጠፍቷል፤ የወንበሩም ሞላ ከባትሪው ጫፎች በላይ የቀረው ክፍተት ከሁለት ጣት አይበልጥም። ከባድ ሰው ቢቀመጥበት ሞላው ወርዶ ኮንታክት ይፈጥራል፤ መሙያውም ሲደርቅ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ወደዚህ ሁሉ የመራን ያ ደስ የማይል ሽታ ነበር።

ሌላም መለየት ያለብን ነገር አለ። በቮልስ ውስጥ ማሞቂያው የሚሠራው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለፈውን አየር በመኪናው ጎንና ጎን ባሉት ቱቦዎች በማስገባት ነው። የጭስ ማውጫው ከተበሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም። መኪና ውስጥ ሽቶ በተረጨ ቁጥር አብሮት የሚመጣውን የተቃጠለ ጭስ ጠረን የመለየት ችሎታችን ይቀንሳል። የበሰበሰ ዕንቁላል የመሰለ ሽታም ባትሪው ከመጠን በላይ ኀይል እየተሞላ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ አፍንጫችንን ከማደናገር እንጠንቀቅ።

5. የሥራው ቅደም ተከተል

በአውደ ጥናትም ሆነ በግል ግቢ ሊሠራበት የሚችለውን ሥርዐት በአጭሩ ልዘርዝር።

በመጀመሪያ ባትሪው ይፈታል፤ ወንበሮቹ ይወጣሉ፤ ምንጣፉና ከሥሩ ያለው ንጣፍ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ምንጣፍን በማዕዘኑ ገለጥ አድርጎ አይቶ መመለስ ምርመራ አይባልም።

ሁለተኛ፥ የውኃ ፈተና ይደረጋል። አንድ ሰው መብራት ይዞ ከውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ያለ ኀይል ውኃ ያፈሳል። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ስፍራ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ወደ ታች ስለሚወርድ የትኛው ቀዳዳ እንዳስገባ ማወቅ አይቻልም። ወለሉ ላይ ደረቅ ጋዜጣ ማንጠፍ የመጀመሪያዋን ጠብታ ለማየት ይረዳል። ውኃው የታየበት ስፍራ ሁልጊዜ የገባበት ስፍራ እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል፤ በላሜራ ጠርዝ ተንሸራቶ ከአንድ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል።

ሦስተኛ፥ መግቢያው ይዘጋል፤ መውጫው ይከፈታል። የደረቀ ጎሚኒ ይለወጣል። በተሰነጠቀ ጎሚኒ ላይ ሲሊኮን መደምደም ለአንድ ክረምት ያገለግል ይሆናል፤ ከሥሩ ውኃ አምቆ ዝገቱን ስለሚያፋጥን ግን የሚመከር አይደለም። የተደፈኑ መውረጃዎች ይጸዳሉ፤ የበሩ ፕላስቲክ ተመልሶ ይለጠፋል። ከዚያ የውኃው ፈተና ይደገማል።

አራተኛ፥ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል፤ የተበላው ላሜራ ተቆርጦ በብየዳ ይተካል፤ ጸረ ዝገት ቀለምም ይቀባል። በቀዳዳ ላይ ስቱኮ ሞልቶ መቀባት ገዢን ለማታለል ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም።

አምስተኛ፥ ማጠብና ማድረቅ ነው። የጨርቁ ምንጣፍ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በፀሐይ ይሰጣል። ለዓመታት የረጠበ ንጣፍና መሙያ ግን አጥቦ ለማዳን ከመድከም አውጥቶ መጣሉ ይሻላል፤ ሻጋታው ውስጡ ድረስ ሰርጓልና። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አፍንጫውን በጭንብል፥ እጁን በጓንት መጠበቅ አለበት። አየሩ ደረቅ፥ ፀሐዩ ብርቱ የሚሆንበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ምንጣፉ ተመልሶ የሚገባው ወለሉም ንጣፉም ፈጽመው ሲደርቁ ብቻ ነው።

6. ስለ ተለመዱት መድኃኒቶች

በየቤቱ ስለሚነገሩት መድኃኒቶች ጥቂት ልበል። ቤኪንግ ሶዳ አሲድነት ላላቸው ሽታዎች ይረዳል። ለበዓል ከገጠር ሲመጣ ከዕቃው የፈሰሰ ቅቤ ወይም የተደፋ ወተት ሲበላሽ የሚያሸተው አሲድ ስለሆነ፥ ሶዳው ወደማይተን ጨው ይለውጠዋል። በረጠበ ንጣፍ ውስጥ ያለውን ሻጋታ ግን አያጠፋም። የምድጃ ከሰል በፋብሪካ ከተዘጋጀው ገቢር ከሰል ጋር ሲነጻጸር ሽታ የመሳብ ኀይሉ ደካማ ነው። የቡና አተላም እርጥብ እንደ ሆነ ከተቀመጠ ራሱ ይሻግታል።

በረኪና በጨርቅና በስፖንጅ ውስጥ ጠልቆ አይሠራም፤ ብረትን ያዝጋል፤ የደኅንነት ቀበቶን ክር ያዳክማል። ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማውን የክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ናፍታሊን በተዘጋ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ለጤና፥ ይልቁንም ለሕፃናት፥ ጎጂ ነው። ኦዞን የሚያመነጩ መሣሪያዎች ሽታን ቢቀንሱም ጎማን ያሰነጥቃሉ፥ ሳንባንም ይጎዳሉ፤ ውኃው ካልተወገደም ሽታው ይመለሳል።

7. የሙያው ድርሻ

ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህ ሁሉ ለእናንተ አዲስ ዕውቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አይሠራም? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ቴክኒካዊ አይደለም። ሽቶ ለመርጨት አምስት ደቂቃ፥ ውኃ ያስገባ ቀዳዳ ለመፈለግ ግን ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ባለመኪናው ለተለወጠ ዕቃ እንጂ ለፍለጋ ገንዘብ መክፈል አልለመደም፤ የጋራዡ ባለሙያም የማይከፈልበትን ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ አይቻልም። በዚህ መካከል መኪናው ሽቶ ተረጭቶ ይሸጣል፤ የተበላው ወለልም ከምንጣፉ ጋር ለአዲሱ ባለቤትና ለቤተ ሰቡ ይተላለፋል።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን ለማኅበራችን አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በጥገና ተቋማት የምርመራ ዋጋ ከዕቃና ከእጅ ዋጋ ተለይቶ እንዲጻፍና እንዲከፈል አባሎቻችን በየሚሠሩበት ቦታ ይጀምሩ። ሁለተኛ፥ ለውስጥ ሽታ በቀረበ በማንኛውም መኪና የሥራ ካርድ ላይ «ውኃው የገባበት ስፍራ» የሚል መስመር ይኑር፤ መስመሩ ሳይሞላ ሥራው ተጠናቀቀ አይባል። ሦስተኛ፥ ለሽያጭ በሚደረግ ምርመራም ሆነ በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜ ምንጣፍ ተነሥቶ የወንበርና የቀበቶ ማሰሪያዎች የተተከሉበት ላሜራ እንዲታይ ማኅበራችን ለሚመለከተው ክፍል የጽሑፍ ሐሳብ ያቅርብ።

ሦስቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚያስፈልገው ብሎን መፍቻ፥ መብራት፥ አንድ ባልዲ ውኃና ሥራውን እስከ መጨረሻው ለማየት የሚታገሥ ሰው ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዳችን ከራሳችን መኪና ብንጀምር፥ በሚመጣው ዓመት በዚህ መድረክ ላይ የምናወራው በሐሳብ ሳይሆን በሥራ ካርዶቻችን ላይ በተጻፈው ይሆናል።